የደብሪቱ እናት ውስጥ ናቸው

ጠዋት ልጄ ሳትነሳ አንድ ሰው ቀብሬ እመለሳለሁ። እመለሳለሁ ስል ከመኝታ ቤቴ ጥግ እስከ ማድቤት ነው። መነጽሬን አወልቃለሁ፣ ማዳመጫዬን አወልቃለሁ፣ ፊቴን ታጥቤ ቁርስ እሠራለሁ። «እግዜር ያጥናችሁ» ሲል ያነጋው አፌ፣ ትንሽ ቆይቶ «ተነሺ፣ ጥርስሽን ቦርሺ» ይላል። አፍ ሲባል ሁሉን ይችላል።

ሥራዬ ደራሽ ነው። ለቅሶ እደርሳለሁ፤ ሰርግም፣ ክርስትናም፣ ምርቃትም ከተገኘ እደርሳለሁ። በዘመናችን ሰው ጊዜ አጥቷል፤ ይሉኝታ ግን አላጣም። እኔና ልጄ እንጀራ የምንበላው በነዚህ በሁለቱ መሀል ባለችው ክፍተት ነው። በየድንኳኑ ቋሚ የምንላቸው ሰው መሰል አሻንጉሊቶች ወንበር ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ደንበኛዋ ፊቷንና ድምፅዋን ትሰጣለች፣ እኔ ደግሞ የካ አባዶ፣ አሮጌው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ ቋሚው ውስጥ አለቅሳለሁ። ፊቱና ድምፁ የደንበኛዋ፣ እንባውና ልብሱ የኔ።

የሚያገናኘን ድርጅት «ደረስኩልህ» ይባላል። ደንበኛ ሲረካ የሚሰጠው ኮከብ ሳይሆን እንባ ነው። አምስት እንባ ማለት አንጀት በልተሻል ማለት ነው። እኔ አምስት ነኝ። ደግሞ ተቀጣሪ አይደለሁም፤ ድርጅቱ ይህን በየጊዜው አጥብቆ ያሳስበኛል። የራሴ አለቃ ነኝ። የራሴ አለቃ በመሆኔም እረፍት ስጠኝ ብዬ የምለምነው ሰው የለም።

ስሜ ሃሴት ነው። አዎ፣ አልቃሿ ሃሴት፤ ሳቁና ይውጣላችሁ። ስወለድ የዘመኑ ስም ነበር። ዛሬ በዕድሜ የገፋው ሁሉ ሃሴት፣ ሶልያናና ማርኮን ሆኗል፤ ሕፃናቱ ደግሞ ወደ ቅድመ አያቶቻቸው ስም ተመልሰዋል። ልጄ ደብሪቱ ትባላለች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን አርባ ይሞላዋል። ከአባቷ ጋር ተለያይተናል። እሱ በየቅዳሜው ልጁን ሊጠይቅ ይመጣል፤ በደራሽ። እውነቱን ልናገርና፣ ደራሹ ከሰውየው ይሻላል።

ቤታችን አንድ ሕግ አለው። ነጠላዬ ከተዘቀዘቀ፣ ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አገጬ ሥር ከሆነ፣ ሥራ ላይ ነኝ። አይወራም፣ አይጠየቅም፣ አይለቀስም። ጣት አፍ ላይ አድርጎ ማለፍ ብቻ ነው። ነጠላው ቀና ሲል እናቷ ነኝ። ደብሪቱ ይህን ሕግ ፊደል ሳትቆጥር ነው ያወቀችው። አሻንጉሊቷን ስታጫውት እንኳ ጨርቅ አዘቅዝቃ ታለብሳትና «ዝም በሉ፣ ሥራ ላይ ናት» ትላለች።

ያም ሆኖ ልጅ ልጅ ነው። ገና ትንሽ ሳለች፣ አንድ የተከበሩ ሰው ድንኳን ውስጥ ደረቴን እየመታሁ ባለሁበት፣ ከመጸዳጃ ቤት «እማዬ፣ ጨርሻለሁ! ነይ ጥረጊኝ!» ብላ ጮኸች። ድንኳኑ ሙሉ ሰማ። ደንበኛዬ አንድም እንባ አልሰጠችኝም፤ ምን ትስጠኝ! ድርጅቱ ወዲያው መፍትሔ አመጣ። «የልጅሽን ድምፅ አስመዝግቢ» አለኝ። ደብሪቱን ማይክራፎኑ ፊት አቁሜ አዘፈንኳት። ስትስቅም ተቀዳች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማዳመጫዬን ካደረግሁ ቤቱን ብታፈርሰው አይሰማኝም። መሣሪያው ውስጥ «ረብሻ» የሚል ክፍል አለ፤ እዚያ የተጻፈው ውሻ፣ መሰርሰሪያ፣ ደብሪቱ ነው።

ምድር ቤት ጋሽ ማርኮን አሉ። የዕድራችን ዳኛ ናቸው፤ በእግራቸው ለቅሶ የሚደርሱ፣ እኔ የማውቃቸው ብቸኛው ሰው። የዕድሩን ድንኳን በየጊዜው አውጥተው ያናፍሷታል እንጂ ከተተከለች ዘመን ሆኗታል። ባገኙኝ ቁጥር ይነዘንዙኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን አልቅሰሽ መጣሽ?»

«አላውቀውም፣ ጋሽ ማርኮን።»

«ይኸው ነው! የማያውቁት ሲሞት ማልቀስ፣ የሚያውቁት ሲሞት ሰው መላክ። በይ እግዜር ያበርታሽ።»

ስቄ አልፋለሁ። ምን ልበላቸው? እንጀራ ነው።

የደብሪቱ ትምህርት ቤት የወላጅ ቀን አዘጋጀ። ልጄ ወሬውን ይዛ ስትመጣ እስከ አራተኛ ፎቅ በሩጫ ነበር፤ ትንፋሽዋ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። መጀመሪያ ነጠላዬን አየች። ቀና ነው።

«እማ፣ እኔ ፀሐይ ነኝ!»

«ነሽ እንጂ።»

«ኧረ በድራማው! የምንናገረውን ራሳችሁ አዘጋጁ ብላናለች መምህርት። እኔ አዘጋጅቻለሁ።»

«ምን ትያለሽ? እስቲ ልስማ።»

«አልነግርሽም። ስትመጪ ነው የምትሰሚው።» ቀረብ ብላ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። «ራስሽ ነሽ የምትመጪው፣ አይደል?»

«ራሴ።»

«ማርያምን በይ።»

«ማርያምን።»

ማርያምን ካልኩ በኋላ ነው ወይዘሮ ናርዶስ የደወለችው። የዘወትር ደንበኛዬ ናት። ዘመዷ ብዙ፣ ሥራዋም ብዙ ነው፤ የኔ ግማሽ ገቢ እሷ ናት ብል አላጋነንኩም።

«ሃሴትዬ፣ አጎቴ አረፉ» አለችኝ፤ ድምፅዋ የምር ተሰብሯል። «ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እንደ አባቴ ናቸው። ስለዚህ ያገኘሁትን ሰው አልልክም፤ አንቺን ነው የምልከው።»

«እርስዎ መሄድ አይሻልዎትም?» አልኳት።

«እኔማ ስብሰባ አለብኝ!» አለች፣ እንደ ድፍረት ቆጥራብኝ።

ለቅሶው የወላጅ ቀኑ ዕለት ሆነ። ሙሉ ቀን ነው አለች። እምቢ ብል ወይዘሮ ናርዶስን አጣለሁ፤ ደንበኛ የመለሰ ደራሽ ደግሞ ወደ ኋላ ይሰለፋል፤ እኋላ ያለው የሚደርሰው የውሻ ለቅሶ ነው። አልቀልድም፣ የውሻም አለ። ስለዚህ ያደረግሁትን አደረግሁ። ራሴ ደንበኛ ሆኜ ለልጄ የወላጅ ቀን ደራሽ አዘዝኩ። አፈርኩ፤ አፍሬም አዘዝኩ። ፊቴንና ድምፄን ሰጠሁ። ድርጅቱ «የሚመጣው ደራሽ መሆኑን ልጅዎ እንድታውቅ ይፈልጋሉ?» ሲለኝ «አልፈልግም» አልኩ። ያው ድርጅት ነው፤ ስታዢው «እርስዎ» ይልሻል፣ ሲያዝሽ «አንቺ»።

በዕለቱ ደብሪቱን ቢጫ ወረቀቷን አስይዤ በር ድረስ ሸኘኋት። «እመጣለሁ» አልኳት። እጇን እያወዛወዘች ደረጃውን ወረደች። ነጠላዬን አዘቀዘቅሁና ሥራ ገባሁ።

የወይዘሮ ናርዶስ አጎት ድንኳን ጢም ብሎ ሞልቷል። እንደ ልማዴ ከበር ጀምሬ እየጮህኩ ገባሁ፤ «አባቴ! አሳዳጊዬ!» አልኩ፤ ተቀባዮች ደግፈው አስቀመጡኝ። እንባዬን ጠርጌ ዙሪያዬን ሳይ፣ ከጎኔ ያለው ሰውዬ የሚንሰቀሰቅበት አኳኋን አዲስ አልሆነብኝም። ባለፈው ሳምንት ሌላ ድንኳን፣ በሌላ ፊት፣ እንዲሁ ሲንሰቀሰቅ ነበር። የሙያ ባልደረባዬ ነው። ፊት ለፊት ያለችውም እንደዚያው። ሐዘንተኞቹ የተቀመጡበትን መደዳ አየሁ፤ ልጆቻቸው፣ እህታቸው፣ ወንድማቸው፤ ሁሉም ቋሚ። እኛ ደራሾች ለደራሾች እያለቀስን ነበር። ማን ማንን እንደሚያጽናና ለማወቅ አስቸጋሪ ሆነ።

በድንኳኑ ውስጥ የነበሩት የሥጋ ሰው ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። ንፍሮ በትልቅ ሳህን ይዘው በመካከላችን አለፉ። ማንም አልዘገነም፤ ቋሚ አይበላማ። ሳህኑን እንደያዙ ቆም አሉና ረጋ ብለው ተናገሩ።

«ልጆቼ፣ በየቤታችሁ ሥራ አይጠብቃችሁም? ደክሟችኋል። በሉ ሂዱ። እኔም ጋደም ልበል።»

አንዲት እፍኝ ንፍሮ ወስደው ወደ ቤት ገቡ። ድንኳኑ ተዘጋ፤ ሙሉ ቀን የተባለው ለቅሶ ለምሳ እንኳ አልደረሰም። መነጽሬን ሳላወልቅ ቁጭ አልኩ። ትምህርት ቤቱ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ነው፤ ልሂድ እንዴ? አልኩ። ግን በስሜ ደራሽ ታዟል። አንድ ወላጅ፣ አንድ ወንበር ነው ሕጉ፤ ሁለት ሆኖ መገኘት አይፈቀድም። እንዲህ ሳመነታ ማዳመጫዬ ውስጥ ድርጅቱ ተናገረ።

«አስቸኳይ ትዕዛዝ። ተረኛዋ ደራሽ ቀርታለች። ዝግጅት፣ የወላጅ ቀን። ደንበኛ፣ እናት። ለዚህ ትዕዛዝ ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ ትመጥኛለሽ።»

እንዲህ ያለ ምጣኔ ገጥሞኝ አያውቅም። ለወይዘሮ ናርዶስ እንኳ ሰባ ነበርኩ። እንዴት እንደኮራሁ! የደንበኛ ስም ከፊት አይነገረንም፤ የለበስነውን ፊትም እኛ አናየውም። ደግሞ የወላጅ ቀን ብዙ ነው፤ ወሩ የወላጅ ቀን ወር ነው። «ተቀብያለሁ» አልኩ።

ዐይኔን ስገልጥ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነኝ። ግድግዳው ላይ አንገቷ የተንጋደደ ቀጭኔ ተስላለች። ይህችን ቀጭኔ የት ነው የማውቃት? እያልኩ ሳለ መምህርቷ እየሳቀች ወደኔ መጣች።

«የደብሪቱ እናት! እንኳን ደህና መጡ!»

ደነገጥኩ። የቀረችብኝ ደራሽ የኔው ደራሽ፣ በሷ ቦታ የተተካሁትም እኔው፣ በገዛ ፊቴ! ለመሆኑ ያቺ የጎደለችው አንድ ከመቶ ምን ትሆን? ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ደስም አለኝ፤ በሐሰት የጀመርኩት ነገር እግዜር እውነት አደረገልኝ ብዬ። ማርያምን ብዬ አልነበር? ይኸው መጣሁ።

የመምህርቷ ሳቅ ግን ፊቷ ላይ ደረቀ። ደረቴን ታያለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ነጠላዬ እንደተዘቀዘቀ ነው።

«ውይ በሞትኩት! ማን... ማን ነው?» አለች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

«ኧረ ማንም አልሞተም!» አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህ የዋለ ጉሮሮ ነው፤ ድምፄ አንጀቷ የተቃጠለ እናት ድምፅ ሆኖ ወጣ። በኛ አገር «ማንም አልሞተም» የሚል የሰለለ ድምፅ ማን ያምናል?

ከጎኔ የነበረው አባት «እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ» አለኝ። አፌ አመል ሆኖበት «አሜን» አለ። በቃ! አባቶቹም እናቶቹም ቋሚዎች ናቸው፤ ቋሚዎቹ ውስጥ ያሉት ደራሾች ናቸው፤ ደራሽ ደግሞ ጎረቤቱ አልቅሶ እሱ ዝም ካለ እንባ ይቀነስበታል። አንዷ ተንሰቀሰቀች። ኋላ ያለው ተቀበለ። መደዳው ሁሉ ደረቱን ይመታ ጀመር። መድረኩ ላይ ዶሮና በቆሎ የሆኑት ሕፃናት አፋቸውን ከፍተው ወላጆቻቸውን ያያሉ። ነጠላዬን ለማቅናት ብታገል፣ በድንጋጤ ጥለቱን ከመነጽሬ ገመድ ጋር አጠላለፍኩት።

ደብሪቱ የወጣችው ይሄኔ ነው። ፊቷን በቢጫ ወረቀት ከብባዋለች። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ስትፈልግ አየኋትና አገኘችኝ። ፊቷ በራ። ከዚያ ዐይኗ ወደ ነጠላዬ ወረደ።

ያ ብርሃን ሲጠፋ አየሁት። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። እንዳስተማርኳት ጣቷን አፏ ላይ አደረገች፤ ሥራ ላይ ናት፣ አይወራም። ከኔ ዞር ብላ ለሌላው ሰው መናገር ጀመረች።

አልሰማሁም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እጇን ትዘረጋለች፣ ወደ ሰማይ ትጠቁማለች፤ ድምፅ የለም። ማዳመጫውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ የወንበር ሲጥሲጥታ፣ የጎረቤቴ ንፍጥ ሲሳብ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይሰማኛል። የልጄ ድምፅ የለም። ከመነጽሬ ጥግ ትንሽ ቀይ ጽሑፍ ብልጭ ትላለች፤ «ረብሻ ታፍኗል»።

አዳራሹን የሞላው ለቅሶ ሁሉ ቀጥ አለ። ሰው ሁሉ ደብሪቱን እየሰማ ነው። መምህርቷ ዐይኗን ጠረገች። ከዚያ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ብቻ ቀረሁ። በሥራዬ ስንት ሬሳ ሸኝቻለሁ፤ እንደዚያ ግን አልቅሼ አላውቅም። መነጽሩን ከነማዳመጫው መንጭቄ ጣልኩና በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረድኩ።

ጋሽ ማርኮን ምድር ቤት በር ላይ ቆመዋል። «ልጄ! ምን ሆንሽ? ማን ነው?»

«አልሰማኋትም፣ ጋሽ ማርኮን! አልሰማኋትም!» ብዬ እየጮህኩ አለፍኳቸው።

በመንገዱ ያየኝ ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» ይለኛል፤ እኔ «አሜን፣ አሜን» እያልኩ እሮጣለሁ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው በትሕትና አስቆመኝ።

«የማን ወላጅ ነዎት?»

«የደብሪቱ።»

ሰሌዳውን አየ። «የደብሪቱ እናት ውስጥ ናቸው።»

«እኔ ነኝ የደብሪቱ እናት!»

«ይመስሏቸዋል፤ አልካድኩም» አለ። «ግን ውስጥ ናቸው። በጊዜ ነው የመጡት፤ ያውም ሐዘን ላይ ሆነው። እርስዎም ሐዘን ላይ ነዎት መሰለኝ፤ እግዜር ያጥናዎት። ይቀመጡ፣ ውሃ ላምጣልዎት?»

ውሃውን ሳልጨርስ ልጆቹ ወጡ። ደብሪቱ ፀሐይዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣችና ፊቴ ቆመች። አሁንም መጀመሪያ ያየችው ነጠላዬን ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሥራ ላይ ነሽ?» አለችኝ።

እዚያው አስፋልት ላይ ነጠላዬን ገፍፌ አቀናሁት። «አይደለሁም። ቅድም እዚያ ውስጥ የነበርኩትም እኔው ነኝ። ራሴ ነበርኩ፣ ደብሪቱዬ።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» አለች። «የአባዬ ደራሽም ሁልጊዜ ‹ራሴ ነኝ› ይላል።»

እጇን ይዤ ወደ ቤት መራመድ ጀመርን። ንግግርሽን ድገሚልኝ ለማለት እንኳ አፌ አልደፈረም፤ በምን ዐይኔ?

ከብሎካችን ስንደርስ ድንኳን ተተክሏል። የዕድሩ ድንኳን፣ ያቺ የምትናፈሰው። አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሰዎች ስል የምር ሰዎች፣ የሚያስነጥሱ፣ የሚያሳክካቸው። አብዛኞቹን በደረጃ ላይ ከማለፍ በቀር አላውቃቸውም። ጋሽ ማርኮን ጥሩምባቸውን በብብታቸው ሸጉጠው መጡ። ደብሪቱን ሲያዩ ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

«እሰይ፣ ልጅቷ ደህና ናት። ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«ማንም፣ ጋሽ ማርኮን። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ማንም?» ወደ ድንኳኑ ዞሩ፣ ወደኔ ዞሩ። «እኔ እኮ ለዓመታት ከላይ በደረጃው በኩል ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ። አንድ ቀን አምኜሽ አላውቅም። ዛሬ ግን የውነት ነበር። የማን እንደሆነ ባላውቅ ለቅሶ መሆኑን አጥቼው ነው?»

«አላጡትም» አልኩ።

«እንግዲህ ድንኳን ተተክሎ ባዶውን አይነቀልም። ሰው መጥቷል፣ ንፍሮውም ተጥዷል። ግቡ።»

ደብሪቱ ሰዉን አየች። «እነዚህ የምር ናቸው?» ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። አንዱን ሽማግሌ ጉልበታቸውን ነካ አድርጋ አረጋገጠች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት አግዳሚው ላይ ወጣችና ቢጫ ወረቀቷን ፊቷ ላይ አደረገች። ወደኔ አየች፤ ነጠላዬ ቀና ነው። ተናገረች፤ እኔም ሰማኋት።

«እኔ ፀሐይ ነኝ። ቤቴ ሩቅ ነው። መንገዴም ረጅም ነው። ግን በየጠዋቱ ራሴ እመጣለሁ እንጂ ሰው አልልክም።»

ጋሽ ማርኮን ኮፍያቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ አዟዟሩት። አንዲት የማላውቃት ጎረቤት መጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና እጄን ያዘችኝ። «እግዜር ያጥናሽ» አላለችኝም።

ስልኬ ጮኸ። «ውድ ደንበኛችን፣ ዛሬ በእርስዎ ስም ለደረሰችው ደራሽ ስንት እንባ ይሰጣሉ? አስተያየትዎንም ይጻፉልን።»

ስልኩን ለደብሪቱ አሳየኋት። «ቅድም ለመጣችው ሴትዮ ስንት እንስጣት?»

እግሯን እያወዛወዘች አሰበች። «ጎበዝ ናት፣ ታለቅሳለች። ግን አትሰማም። አንድ።»

አንድ አልኩ፤ አስተያየቱንም እንደነገረችኝ ጻፍኩ። ስልኩን ከእጄ ሳላስቀምጥ እንደገና ጮኸ።

«ውድ ደራሻችን፣ የዛሬዋ ደንበኛሽ አንድ እንባ ሰጥታሻለች። ምክንያት፣ ‹ታለቅሳለች፣ ግን አትሰማም›። ይህ ካለሽ ስም ጋር ስለማይሄድ ይግባኝ ማለት ትችያለሽ። ይግባኝ ትያለሽ?»

ንፍሮው መጣ። ደብሪቱ በሁለት እጇ ዘገነች። «ይግባኝ የለኝም» ብዬ ጻፍኩና እኔም ዘገንኩ።